ጣሪያው አላፈሰሰም

መምህርት ዘሃራ መሞቷን የሰማሁት በሞባይል ነው። የደወለው ሰው ስሙን እንኳ ሳይነግረኝ «አያ ደምሌ፣ ዘሃራ አረፈች፤ ቀብሩ ዛሬ ነው» ብሎ ዘጋው። ሰው በሞት አይቀልድም። ዘሃራ ግን በምኑም በምኑም ስለምትቀልድ፣ እሷ ራሷ ያስደወለችብኝ መስሎኝ ስልኩን እያየሁ ጥቂት ቆየሁ።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ፣ ከመምህሬ ጋር ተጣልቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጥፋቱ የማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ እሱ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ስለ ዘሃራ የተማረ ሰው ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ። የተማሩት ሁሉ እሷ ያስፈተነቻቸው ናቸው፣ ግን ሥራ በዝቶባቸዋል። እንግዲያ እኔ ልጻፈው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርሁ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂም እኔ፣ ደወል ደዋዩም እኔ። ደወሉ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የማኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት እስከ ገበያው ይሰማል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ማትሪክ የሚሉት ፈተና ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነበር። ከአዲ አርቃይ ሽቅብ፣ ከየቆላው ከየደጋው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ነበሩን። አሥራ ሁለት ዓመት የተለፋው ልፋት በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ይመዘናል። ያለፈ ዩኒቨርሲቲ፣ የወደቀ ወደ ሞፈሩ።

ዘሃራ የጎንደር ልጅ ናት፣ ከሙስሊሞቹ ሰፈር ከአዲስ ዓለም፣ ከአያት ከቅድመ አያት ነጋዴ ቤት። ንግዱን ለወንድሞቿ ትታ ሒሳብ አስተማሪ ሆነች። አጭር ናት፣ ስትሄድ ትቸኩላለች፤ ከሻሿ ሥር ጆሮዋ ላይ እርሳስ የማይጠፋት ሴት። ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። ስትናደድ አንድ ፍሬ አንስታ አፏ ትጥላለች። ምነው ስላት «አፌ ሥራ ካልያዘ ይሳደባል» አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ሳይቀር ሰው ሁሉ እርስዎ ይላታል። እኔ ግን በዕድሜ ታናሼ ናትና ገና ከመጀመሪያው ቀን አንቺ አልኋት። ሰው ደነገጠ። እሷ ግን «ደግ አደረግህ። እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሴትዮ የቆመች ይመስለኝና እዞራለሁ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ተግባባን።

የፈተናው ጣቢያ ኃላፊ ያደረጓት ማንም ሥራውን ስላልፈለገው ነው። የሚኮርጅ ልጅ አለ፣ የሚያስኮርጅ አስተማሪ አለ፣ አጥር ዘሎ መልስ የሚወረውር አጎት አለ። ያለፈው ኃላፊ እንዲያውም ታሞ ነው የለቀቀ። ዘሃራ ሹመቱን ስትሰማ እጇን እያፋተገች ሳቀች። እሷ ራሷ በተማሪነቷ ያልሞከረችው የኩረጃ ዓይነት እንደሌለ አልደበቀችኝም። «ሌባ ሆኖ የማያውቅ ጠባቂ ምን ያውቃል?» ትል ነበር።

አሠራሯ የሚያስቅ ነበር። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ቋጠሮ ያለው ገመድ ይዛ መጣች። ከወንበር ወንበር በገመዱ እየለካን አሰለፍን። አንዱ አንድ ጣት ቀርቦ ቢገኝ መልሼ እንድጎትተው ታደርገኛለች። ተሰልፎ ሲያልቅ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ራሷ እየሄደች ተቀመጠች። አንዱንም አልዘለለች። ተቀምጣ አንገቷን ወዲህ ወዲያ ታዞራለች፣ ጫማዋ የወለቀ መስላ ታጎነብሳለች፣ ታስነጥሳለች፣ በብብቷ ሥር ታያለች። ከዚያ «ይህኛው የጎረቤቱን ግራ እጅ ያያል፣ አዙረው» ትላለች። ከክፍሉ በር ላይ የቆሙ አስተማሪዎች አበደች አሉ።

ከዚያ ልምምድ ይደረግ አለች። ተፈታኙ እኔ። መልስ የሚጠቆርበትን ወረቀት ሰጠችኝ፤ በየመስመሩ አራት አራት ክብ አለበት፣ አንዱን በእርሳስ መሙላት ነው። ጥያቄው እንግሊዝኛ ነው፤ ለእኔ የዝንብ እግር ነው። እኔ ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር ስለምወድ ከላይ እስከ ታች ሁለተኛውን ክብ አጠቆርሁት፣ እንደ ገመድ የተወጠረ መስመር ሆነ። አረመችውና ብዙ ሳቀች። ከአራት አንዱን አግኝቼ ኖሯል። «ከአንዳንዶቹ ትበልጣለህ አያ ደምሌ፣ ዘንድሮ ተመዝገብ» አለችኝ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራት፤ ሰዓት ትዋሻለች። የአስተማሪ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ነው ትልና እሷ ሦስት ሰዓት ላይ እየተጎማለለች ትመጣለች፤ ያን ጊዜ የዘገዩት ሁሉ ደርሰው ይጠብቋታል። ይህን ስንት ጊዜ አይቼ፣ ዋናው ቀን ሲመጣ ትዝ አላለኝም።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው እርሳሱ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ልጅ የሒሳቡን ቀመር በሙሉ እርሳሱ ጎን ላይ በመርፌ ቀርጾበት ተገኝቶ ነበር። ስለዚህ ዘሃራ ማንም የራሱን እርሳስ ይዞ አይገባም አለች። ከወንድሟ ሱቅ ከጎንደር አንድ ዓይነት ቢጫ እርሳስ በካርቶን አስመጣች፣ እኔና እሷ ቁጭ ብለን ጫፉን ቀረጽነው፣ ዕቃ ቤት ቆለፍንበት። ሌላ እርሳስ አጠገቡ እንዳይገኝ ከአስተማሪዎቹም ሰብስባ ወደ ጎንደር ላከችው። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ምነው ለጸሐፊዋ አትሰጫትም ስላት፣ የሚያነብ ሰው የተቆለፈ ነገር ያጓጓዋል፣ አንተን ግን አያጓጓህም አለች። ይህ ነገር ስድብ ይሁን ምስጋና አላወቅሁም። ቁልፉን ግን ባንገቴ አሰርሁት።

ፈተናው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ፣ እናቶች ተሰብስበው መጡ። ፊት የመራችው እትዬ የሺ ናት፤ ልጇ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሦስተኛውን ሊፈተን ነው። እርሳሱ ጸበል ይንካልን አሉ። ዘሃራ ጎንደር ወርዳ ነበር፣ የፈተናውን ሣጥን ከፖሊስ ጋር ልታመጣ። ልጠብቃት እችል ነበር። አልጠበቅሁም። ነገሩ ሸጋ መሰለኝ፤ ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ጸበሉ ወረድሁ።

ቄሱ ረጨት አድርገው ሊመልሱልኝ ነበር። እኔ እምቢ አልሁ።

«ረጭቶ ማን ዳነ? እኔ ወገቤን ሲያመኝ ሰባት ቀን ተጠምቄ ነው የዳንሁት። ይነከር።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንጨት እኮ ነው።»

«ሰውስ አፈር አይደል እንዴ?»

ቄሱ ጋኑን አሳዩኝ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ እርሳስ አንድ ካርቶን ውስጥ ነው፤ መለየት አልሞከርሁም፣ ሁሉንም ገለበጥሁት። ጋኑን ከድኜ ቤቴ ገባሁ። እንደዚያ ቀን ሸጋ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ሲነጋጋ ሄጄ ከፈትሁት። ውኃው ጠጅ መስሏል። ቄሱ አይተው «ይህ ነገር ደግ ነው?» አሉ፤ እኔ ርኩሱ እየወጣ ነው አልሁ። እርሳሱን በጋቢዬ እያበስሁ ወደ ካርቶኑ መለስሁት። ሰኔ ነው፣ ፀሐይ የለም፣ ማድረቂያ ጊዜም የለም። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ ተብለዋል፤ ገና ሳይረፍድ ሁሉም ገብተው በቦታቸው ተቀምጠዋል። ዘሃራ ከፖሊሱ ሳጅን ጋር ሣጥኑን አስገብታ በር ላይ ቆማለች። ፈታኞቹ እርሳሱን ከእኔ ተቀብለው አደሉት፣ የመልስ ወረቀቱንም አደሉት፣ ስማችሁን ጻፉ ተባለ።

መጀመሪያ የሰማሁት የአንዲት ልጅ ጩኸት ነው። የአዲ አርቃይ ልጅ ናት፣ ፊት ወንበር ላይ። ስሟን ልትጽፍ ስትጫነው እርሳሱ እንደ ባቄላ እሸት ለሁለት ተፈለቀቀ። ሙጫው በውኃ ለቅቆ ኖሯል። ጥቁሩ ከመካከሉ ወጥቶ ወለል ላይ ወድቆ ተሰባበረ። ከዚያ ወዲያ በየክፍሉ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ያልተፈለቀቀው ጫፉ እየረጠበ ወረቀት ይቀድዳል። የእትዬ የሺ ልጅ ሁለቱን ስንጣሪ በሁለት እጁ ይዞ እኔን ያያል። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በእስክሪብቶ ይጻፉ እንዳይባል፣ አዲስ አበባ ያለው ማሽን ከእርሳስ በቀር አያነብም። ተፈታኙ ብዙ ነው፤ የከተማዋ ሁለት ሱቅ ያለውን እርሳስ ሁሉ ቢሰጥ ለአንድ ክፍል አይበቃም። ሳጅኑ መጥቶ ስንጣሪውን አነሳ፣ አሸተተው፣ ጨመቀው። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው አለ።

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?»

ማትሪክ ያበላሸ ሰው በማኪና ተጭኖ ነው የሚሄደው። ይህን አውቃለሁ። ቁልፉ ባንገቴ ነው። ዘሃራ አየችኝ። ዓይኗ ከፊቴ ወደ ጋቢዬ ወረደ። ጋቢዬ ከደረቱ እስከ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። አንድ ፍሬ ቆሎ አፏ ጣለች። ሁለተኛ ጣለች።

«በእኔ እጅ ነው» አለችው ለሳጅኑ። «ጣሪያው አፍስሷል።»

እኔ የሰው ጥላ ሥር መደበቅ አልወድም። አፌን ልከፍት አየር ሳስገባ ቀደመችኝ።

«አያ ደምሌ፣ ጋቢህን አውልቀህ ቸርኬውን ምታ። እኔ በቃ እስክልህ እንዳታቆም።»

በአገራችን ደወል ሳያቋርጥ ከተመታ እሳት ነው፣ ወይም ሽፍታ ነው። መታሁት። በንዴቴም በፍርሃቴም መታሁት። ከተማው ተነቅሎ መጣ። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ ዱላ ያለው ዱላውን፣ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው አጥሩን ከበቡት። ዘሃራ በርሜል ላይ ወጣች። ቤት አልተቃጠለም፣ ሽፍታም አልመጣም፣ እርሳስ ነው የቸገረን፣ ያለው ሁሉ አሁኑኑ ያምጣ፣ ፈተናው ሲያልቅ ይመለሳል አለች።

ከፊት የቆመ አንድ ባለ ጠመንጃ ሽማግሌ «ለእርሳስ ነው ዝናር ያስታጠቅሽኝ?» አላት።

«ዝናሩን ተወው፤ የልጅ ልጆችህን ቦርሳ ይዘህ ና።»

ሽማግሌው መጀመሪያ የሮጠው ነው። ከዚያ ሁሉም ሮጠ። የእህል ነጋዴው ከጆሮው ላይ አወረደ። አናጢው ጠፍጣፋውን አመጣ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ከመሳቢያው፣ የክሊኒኩ ሰው ከካፖርቱ ኪስ። የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በጥርሳቸው የቀረጠፉትን ቁራጭ እያለቀሱ ሰጡ። ዘሃራ እያንዳንዱን ወረቀት ላይ እያሰመረች ጥቁሩን ተቀበለች፣ ቀዩን መለሰች፣ ረጅሙን በካራ ለሁለት እያስቆረጠች አበዛችው። በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ የኩረጃ ጽሑፍ እንዳይኖርበት የእያንዳንዱን ጎን ታገላብጣለች። አንዱን ወደ ብርሃን አነሳችና «ይህ ላይ ጽሑፍ አለበት» አለች። ሳጅኑ ዘሎ ቀረበ። አነበበችለት፦ «የሰረቀኝ እጁ ይድረቅ።» የአንድ ሕፃን እርግማን ነው። እሱን ለማንም አልሰጠችም፣ ኪሷ ከተተችው።

ሲታደል አንድ ጎደለ፣ የአዲ አርቃይዋ ልጅ ባዶ እጇን ቀረች። ዘሃራ ከሻሿ ሥር የራሷን መዝዛ ሰጠቻትና «ስትጨርሺ መልሺ፤ ያለ እሱ ጆሮዬን ይበርደኛል» አለቻት። ልጅቱ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

እኔ ግን ልቤ ሞቷል። ፀሐይዋን በደመናው ውስጥ እገምታለሁ፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ የልጆቹ ሰዓት ተበልቷል። የገረመኝ ሳጅኑ አለመደንገጡ ነው። ሰዓቱን አየና «አሥር ደቂቃ ይቀራል» አለ። የምን አሥር ደቂቃ? ወደ ዘሃራ ዞርሁ።

«ሁለት ሰዓት አልነበረም እንዴ?»

«ለእናንተ ሁለት ነው። ለመንግሥት ሦስት ነው» አለች። «በል አሁን ደግሞ የእውነቱን ደወል ምታ።»

በዚያ ዓመት ከሌላው ዓመት ይልቅ ብዙ ልጅ አለፈ። የእትዬ የሺ ልጅ አለፈ። እናቶቹ ከጸበሉ ነው አሉ፤ ለሚመጣው ዓመት እርሳሱ ሰባት ቀን ይነከር ብለው ዘሃራ ዘንድ ሄዱ። እሷም በትሕትና ሰምታ «ልጆቹን ንከሩ፣ እርሳሱን ለእኔ ተዉልኝ» አለቻቸው።

ለመሥሪያ ቤቱ የጻፈችው ሪፖርት ላይ ጣሪያው አፍስሶ ነው ብላ ስለ ነበር፣ ክረምቱ ሳይወጣ አዲስ ቆርቆሮ ተላከልን። አንድ ጠብታ አፍስሶ የማያውቅ ጣሪያ አፍርሼ፣ አዲሱን በራሴ እጅ መታሁት። ከታች ሆና ምስማር እያቀበለችኝ፣ ከዚያኛው ጋር በደንብ ምታው፣ ብዙ ያፈሰሰው በዚያ ነው ትለኛለች። መሰላሉ ላይ ሆኜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ያን ቀን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ ምነው ለሳጅኑ እውነቱን አልነገርሽውም አልኋት። ምስማሩን አፏ ውስጥ እንደያዘች፣ ቁልፉን የሰጠሁህ እኔ፣ ያንተን ችኮነት የማውቅ እኔ፣ ታዲያ ማንን ልክሰስ አለች። በኋላም ቀና ብላ «የእኛን የሙስሊሞቹን ልጆች እርሳስ ሳይቀር አጠመቅህብኝ አይደል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ከመሰላሉ ልወድቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገርሁም። ለሚስቴ ለጠጅቱም አልነገርሁም። የእኔና የዘሃራ ምስጢር ነው ብዬ ያዝሁት። ዘሃራ ወደ ጎንደር ተዛወረች፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰው መካከል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጣሪያው እንዴት ነው?» ትለኛለች። እኔም «ደረቅ ነው» እላታለሁ። ሌላው ሰው የማያውቀውን ነገር እንደያዘ ሰው ኮራ ብዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

እንግዲህ ለቅሶው ቤት አዲስ ዓለም ገባሁ። ምንጣፉ ላይ ዶክተሩ፣ መሐንዲሱ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ እሷ ያስፈተነቻቸው ናቸው። የዚያን ቀን ነገር ተነሣ። አንዱ ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ብሎ ጀመረ፤ ሌላው ስለ ባለ ዝናሩ ሽማግሌ ጨመረበት። እኔ እየሰማሁ ውስጤ ነደደ። ሙታ እንኳ የእኔን ጥፋት ተሸክማ ልትቀበር ነው። ዱላዬን ተመርኩዤ ተነሣሁ።

«ጣሪያው አላፈሰሰም» አልሁ። «እኔ ነኝ። ጸበል ጋን ውስጥ የዘፈቅሁት እኔ ነኝ። ቁልፉም በእኔ አንገት ነበር።»

እንዲያወግዙኝ ጠበቅሁ። የተማሩት ሰዎች ግን አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ታናሽ እህቷ ከድጃ መጥታ እጄን ያዘችኝ፤ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል፣ አፏ ግን ይስቃል።

«አያ ደምሌ፣ እናውቃለን እኮ» አለችኝ። «በየዒዱ ትነግረን ነበር። ልትናዘዝ አየር ያስገባህባት ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። ላንተ እንዳይነገርህ ግን አስምላናለች።»

«ምነው?»

«ዘበኛ የሚጠብቀው ነገር ሲያጣ ቶሎ ያረጃል፣ ተዉለት ይጠብቀው ትለን ነበር።»

ተቀመጥሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ባዶ ዕቃ ቤት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ልቆጣት አሰብሁ፤ የምትሰማኝ ሴት የለችም። አንድ ሳህን ቆሎ አቀረቡልኝ፣ እሱን መቆርጠም ያዝሁ። አፌ ሥራ ካልያዘ እንደሚሳደብ አውቃለሁ።

ቤቴ ስገባ ጠጅቱ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከጎኗ ተቀመጥሁና ከሠርጋችን ቀን ወዲህ አድርጌው በማላውቀው ትሕትና፣ አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ ብዬ ከእርሳሱ እስከ ቆርቆሮው አንድ ሳላስቀር ነገርኋት። ከምስሩ ላይ ቀና አላለችም።

«ያን ቢጫ ጋቢ ማን ያጠበው መስሎህ ነው?» አለችኝ።